ስርዝ ድልዝ ፍለጋ ወደ ዘጌ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:30፣ ዓባይ ማዶ

ዛሬ ባሕር ዳር ካለው ቤቴ የወጣሁት ሐይቁን ተሻግሬ ወደ ዘጌ ለመሄድ ነው። የያዝኩት ጥቂት ነው፤ ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጃንጥላ፣ እና ማኅደር ውስጥ በጥንቃቄ ያስቀመጥኩት አንድ ገጽ ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡን የሠራሁት እኔ ነኝ። በእሱ ምክንያት የሻረግ የምትባል ተማሪዬ ከሦስት ሳምንት በፊት «የመመረቂያ ጽሑፏን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፋለች» ተብላ ከተመራቂዎች ዝርዝር ወጥታለች። ጽሑፉን ራሷ እንደ ጻፈችው የሚያሳይ ደብተር ዘጌ፣ አባቷ ቤት፣ ሳይኖር አይቀርም። የይግባኙ ጊዜ ነገ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያበቃል። ስልኳ ዝግ ነው። ስለዚህ ሄጄ ማምጣት አለብኝ።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ከመንገዱ በፊት ሰንጠረዡን ላብራራ። ማብራራት እወዳለሁ፤ ጣጣውም የተጀመረው ከዚሁ ነው። በኮሌጃችን የአካዳሚክ ጽሑፍ ትምህርት ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ተማሪዎች ጽሑፋቸውን በማሽን ማስጻፍ ሲጀምሩ መምህራኑ «ይቺስ የራሷ አይደለችም» እያሉ በግምት ይጣሉ ነበር። እኔ ግምት አልወድም። ስለዚህ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ተማሪዎች የጻፏቸውን ወረቀቶች ከመዝገብ ቤት አወጣሁ፤ በየርእሳቸው ማሽኑም እንዲጽፍ አደረግኩ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የዓረፍተ ነገራቸውን ርዝመት፣ አያያዣቸውን፣ አጀማመራቸውን፣ የሆሄ አጠቃቀማቸውን አነጻጸርኩ። «የማሽን ጽሑፍ ሰባት ምልክቶች» የሚለው ሰንጠረዥ የወጣው ከዚያ ነው።

ሰባቱንም አልዘረዝርም፤ ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው። ሁለተኛው፦ ማሽን ጥያቄ ያነሣል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ምክንያቶቹን በአንድ ዓይነት አነጋገር ይደረድራል። አራተኛው፦ ማሽን አንድን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሆሄ ይጽፋል፤ ሰው ግን በአንዱ መስመር «ዓሣ»፣ በሌላው «አሳ»፣ በሦስተኛው «ዓሳ» ብሎ ያልፋል። አምስተኛው፦ ማሽን አገር የለውም፤ ጸሐፊው ጎጃሜ ይሁን ሸዌ ከቋንቋው አይታወቅም። ከሰባቱ አምስቱን ያሟላ ጽሑፍ የማሽን ነው ብዬ ደመደምኩ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ሰንጠረዡ መመሪያ ሆነ፤ እኔም የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው አባል ሆንኩ። መጀመሪያ የተያዘችው የሻረግ ነበረች። ጽሑፏ ስድስቱን አሟላ። ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ በእጄ ነው የጻፍሁት» ስትለኝ «ሰንጠረዡ አይሳሳትም» ብዬ መለስኳትና ፈረምኩ።

ትናንት ግን ፈተና ላባዛ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የደጉ ትየባና ኮፒ ቤት ገባሁ። ደጉ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ እያስተካከለ፣

«መምህር፣ ያቺ የዘጌዋ ልጅ ምነው ጠፋች? የምርቃት ፎቶሽን እኔ ነኝ የማትምልሽ ብያት ነበር» አለኝ።

«አትመረቅም። ጽሑፏን በማሽን አስጽፋ ተገኘች።»

«በየትኛው ማሽን?» ሳቀና ኮምፒዩተሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «በዚህ ነዋ! እኔው ነኝ የተየብሁት፤ ከደብተሯ። ስርዝ ድልዙ ዓይኔን አፍዝዞት አጠገቤ ቁጭ ብላ ታነብልኝ ነበር።»

እሱ ገና አልጨረሰም።

«ደግሞ ከጨረስሁ በኋላ 'ሁ'ውን ሁሉ 'ኩ' አድርገው አትለኝም? 'ሰበሰብሁ' የነበረው 'ሰበሰብኩ'፣ 'ጠየቅሁ' የነበረው 'ጠየቅኩ'። ምን አደረገሽ ብላት መምህሩ ብሎኝ ነው አለች። የማነው ደግሞ ይሄ ቀበጥ ብዬ…» አየኝ። «ይቅርታ፤ አንተ ነህ እንዴ?»

እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ ስላደግኩ «ሄድኩ፣ ጻፍኩ» እላለሁ፤ የዚህ አገር ሰው «ሄድሁ፣ ጻፍሁ» ይላል። የሻረግ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ «ሁ»ዎቹን አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ከብቤ፣ ግርጌው ላይ «ይህ ለቤተሰብ የሚላክ ደብዳቤ አይደለም» ብዬ ጽፌያለሁ። አገሯን ከጽሑፏ ያስወጣሁት እኔ፤ ከዚያ ጽሑፉ አገር የለውም ብዬ የፈረድኩትም እኔ።

ከጠዋቱ 1:15፣ ጀልባ መሳፈሪያ

ባጃጅ ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ፤ አርባ ብር ከፈልኩ። ወደ ዘጌ በመኪናም ይኬዳል፤ ነገር ግን በዚህ ሰሞን መንገዱ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ ጀልባ መረጥኩ። ሒሳቡ መቶ ሃምሳ ብር ነው። ጀልባዋ የብረት ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ያስላታል። የተሳፈሩት ባብዛኛው ትናንት ሎሚና ጌሾ ገበያ አውርደው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ። በባዶ ቅርጫታቸው ምትክ አሁን ጤፍና ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት ይዘዋል። ምክንያቱን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ከጥንት የወረደ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ይወጣል፤ እህል ይገባል።

ውኃው ጸጥ ያለ ነበር። በስተግራችን ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ቄጠማ የጫነ ታንኳ አለፈን፤ ቀዛፊው እስከ ወገቡ የተቀመጠው ውኃው ውስጥ ይመስል ነበር። የሻረግ ጽሑፍ ከዚሁ ደንገል ስለሚሠሩት ስለነዚህ ታንኳዎች ነው፤ የሐይቁ ዳር ሰዎች ታንኳ ሲሠሩ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ሰብስባ ነበር የጻፈችው። አንብቤዋለሁ። ቃላቱን ግን አላየኋቸውም፤ ምልክቶቹን እየቆጠርኩ ነበር።

ጌታሰው የሚባለው ባለጀልባ መሪውን በእግሩ ይዞ፣

«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። እዚህ ሰው ስምህን ከመጠየቁ በፊት የሚጠይቅህ ይህንን ነው።

«እንግዳ ነኝ። መሪጌታ ይትባረክ ቤት ነው የምሄደው።»

«አሃ! የሻረግን? ሽማግሌ እንኳ ሳትይዝ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ጃንጥላማ ይዟል፤ ምን ቀረው» አለች።

«አይ፣ መምህሯ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጌታሰው መሪውን በእጁ ያዘና፣

«ታዲያ ኮምፒዩተሩ ተገኘ?» አለ።

«የምን ኮምፒዩተር?»

«የሰረቀችው ነዋ።»

«በኮምፒዩተር አስጻፈች» ያልነው ሐይቁን ሲሻገር «ኮምፒዩተር ሰረቀች» ሆኗል። ደንግጬ ማብራራት ጀመርኩ። ጽሑፍ የሚጽፍ ማሽን እንዳለ፣ ተማሪ ማሽኑን ጠይቆ ያገኘውን የራሱ አስመስሎ ሊያቀርብ እንደሚችል፣ እሷ ላይ የተባለው ይህ እንደሆነ፣ እሱም ስሕተት ሳይሆን እንዳልቀረ በዝርዝር ተናገርኩ። በጃንጥላዬ የቀለደችው ሴት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«እንግዲያ የሷ ያልሆነውን የሷ አድርጋ ከተባለ፣ ሰረቀች መባሏ አይደል?» አለች።

ስብሰባው ላይ እኔም የተጠቀምኩት ቃል «ስርቆት» ነበር።

«እናቷ በሕይወት ብትኖር ይሄንን አትችለውም ነበር» አለ ጌታሰው፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ዘጌ እስክንደርስ የሚያናግረኝ ሰው አልተገኘም።

ከጠዋቱ 3:00፣ ዘጌ

ከጀልባው እንደ ወረድን መንገዱ በቡና ዛፎች መካከል ሽቅብ ይወጣል። ጥላው ወፍራም ነው፤ ጃንጥላዬን ያለ ሥራ ተሸክሜ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተራመድኩ በኋላ ጠጅ ሳር ከተተከለበት አጥር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ክዳን ካለው ቤት ደጃፍ፣ አንድ ሽማግሌ የአሮጌ መጽሐፍ ጥራዝ በወፍራም መርፌ ሲሰፉ አገኘሁ። የሻረግ አባት መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። ማንነቴን ተናገርኩ። መርፌውን መጽሐፉ ላይ ሰክተው ተነሡ።

«መምህር ከሆኑ ይቀመጡ።»

«አንተ ይበሉኝ፣ መሪጌታ። ልጅዎ እኮ ነኝ።»

«እኔ 'እርስዎ' የምል 'መምህር' የሚለውን ስም ነው» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

የሻረግ ከጓዳ ወጣች። እጅ አስታጠበችን፤ የዓሣ ወጥ በእንጀራ አቀረበች፤ «ደህና ነዎት፣ መምህር» ከማለት ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ዓይኗንም አላሳየችኝም። ወጡ ቆረሶ ከሚባለው ዓሣ ነበር፤ እሾሁ ተለቅሞ የተሠራ።

መሪጌታ ከበሉ በኋላ «እስቲ ያ ልጄን የዳኘው ወረቀት አለ ይባላል» አሉ። ሰንጠረዡን አወጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡት። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«'ጥያቄ አንሥቶ ራሱ ይመልሳል፤ ምክንያቶቹን በአንድ ዓይነት አነጋገር ይደረድራል።' ይቺኛዋማ እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማርሁ በዚህ ነው። 'ስለምን ቢሉ' ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ 'አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው' እያልን እንመልሳለን። ደቀ መዛሙርቱ ትምህርታቸውን ጮክ ብለው ሲቀጽሉ እሷ እዚህ ደጃፍ ላይ ሆና እየሰማች ነው ያደገች። ሌላ መጠየቂያ ከየት ታምጣ?»

የጽሑፏን ሦስተኛ ገጽ አስታወስኩ። ዳር ዳሩን በቀይ የሞላሁት አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ታንኳ ቶሎ የሚያረጅ ስለምን ነው ቢሉ፤ አንድም ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ነው፤ አንድም የታሰረበት ልጥ ስለሚላላ ነው፤ አንድም ባለቤቱ ሌላ መሥራት ስለሚያውቅ አይሳሳለትም።» ከጎኑ የጻፍኩት «ምልክት 2» ብቻ ነበር።

«ይሄስ?» አሉ መሪጌታ፣ ጣታቸው አራተኛው ላይ ነበር። «'አንድን ቃል እስከ መጨረሻ በአንድ ሆሄ ይጽፋል።' ይሄ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? 'ዓሣ' በዐይኑ 'ዐ' እና በንጉሡ 'ሠ' ነው። በእሳቱ 'ሰ' የጻፈች ዕለት እኔ ፊት እንደገና መቶ ጊዜ ትጽፈው ነበር። እናንተ ዘንድ በትክክል መጻፍ ያስቀጣል?»

«ብዙ ሰው ስለሚያዘበራርቅ…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«ማሽኑንስ ማን አስተማረው?»

«ሰዎች የጻፉትን ብዙ ጽሑፍ ወስዶ ነው የተማረው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያ የወሰደ እሱ፤ የተያዘች የኔ ልጅ።»

ይህን ሲሉ የሻረግ ደብተሩን ይዛ ብቅ አለች። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ተራ ደብተር ነው፤ ጠርዙ ውኃ ነክቶት አብጧል። ከፈትኩት። ፍለጋ የመጣሁት ሁሉ እዚያ ነበር። የተሰረዘ መስመር፣ በላዩ የተጻፈ ሌላ መስመር፣ በቀስት የተሻገረ አንቀጽ፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሁለት ጊዜ የተሰረዘ አንድ ቃል። «ሰበሰብሁ»፣ «ጠየቅሁ»፣ «ከታንኳ ሠሪው ጋር ደንገል አጨድሁ»። አንዱ ኅዳግ ላይ በትንንሽ ፊደል «ለመምህር የሚጠየቅ፦ 'ሰበሰብሁ' ስሕተት ነውን?» የሚል አለ። ጥያቄውን ይዛ አልመጣችም፤ ቀዩ እስክሪብቶዬ ቀድሟታል።

«የሻረግ፣ ይህን ይዘን ዛሬውኑ ከሄድን ነገ ኮሚቴው ያየዋል» አልኳት። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ደጉ ነው የነገረኝ።»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«ደጉ ሲነግርዎት አመኑ። እኔ ስነግርዎት ሰንጠረዡ አይሳሳትም አሉኝ።»

«ትክክል ነሽ።»

«መሄድ አልፈልግም። ወረቀቱን ምን ላደርገው? እዚህም ቢሆን ሌባ ነኝ።»

መሪጌታ መርፌያቸውን ከጥራዙ ላይ ነቀሉ። «ለወረቀቱ አይደለም የምትሄጂ» አሏት። «ነገ ዓሣ ልትገዢ ወደብ ስትወርጂ ሰው ቀና ብሎ እንዲያይሽ ነው። ሂጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አንተም እንደ ወሰድሃት መልሳት» አሉኝ። «አንተ» ሲሉኝ እንደምደሰት ገምቼ ነበር። አልተደሰትኩም።

ከቀኑ 8:30፣ ሐይቁ ላይ

የመመለሻዋ ጀልባ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። ጌታሰው የሻረግን ሲያይ መሪውን ለቆ ተነሥቶ እጇን ይዞ አሳፈራት። ስለ ኮምፒዩተር ምንም አላለም። እሷ ከፊት ተቀመጠች፤ ደብተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

ነገ ምን እንደሚጠየቅ፣ እንዴት መመለስ እንዳለባት፣ ከየትኛው ገጽ መጀመር እንደሚሻል እነግራት ጀመር። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ፣

«መምህር፣ እባክዎ አያብራሩልኝ» አለች።

እጇንም ዘረጋች። «ሰንጠረዡን ያሳዩኝ። ሲፈረድብኝ እንኳ አላሳዩኝም።» ሰጠኋት። ባሕር ዳር እስክንደርስ አነበበችው። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ «ሰባተኛው 'መደምደሚያው ሁሉን ጠቅልሎ ይደግማል' ነው የሚል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ስትመልስልኝ እንደ ነበረው አጥፋ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከትታ ነው። አክስቷ ሰባታሚት ሰፈር ስላሉ ባጃጅ አሳፍሬያት ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00፣ ኮሌጅ

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። የሻረግን ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጥናት። ሰብሳቢው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉትና አጠገባቸው ያለውን መመሪያ ከፈቱ።

«'በእጅ የተጻፈ መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተማሪው ከስክሪን ላይ ሊገለብጥ ይችላልና።' ይህ የማን ቃል ነው?»

«የኔ» አልኩ።

«'ስርዝ ድልዝም ሆን ተብሎ ሊጨመር ይችላል።' ይህስ?»

«የኔ ነው። ግን ተሳስቻለሁ። 'አንድም' የሚለው አደራደር ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጣ ነው። ሆሄዋን ያስጠበቃት አባቷ ናቸው። 'ሁ'ዎቹን ያስወጣኋት እኔ ነኝ። የተየበውም ሰው አለ፤ ይጠራ።»

«ወንድሜ፣ ኮፒ ቤት ለደንበኛው ይመሰክራል» አሉ ሰብሳቢው፣ በደግነት። «ሰንጠረዡን ዛሬ ለእሷ ከጣልነው ነገ ሁሉም የመሪጌታ ልጅ ነኝ ይላል። አንድ መውጫ አለ። እዚሁ ፊታችን፣ በዚሁ ርእስ፣ በአንድ ሰዓት ሁለት ገጽ ትጻፍ። የሰው ጽሑፍ ከሆነ በአሮጌው ምትክ እንይዘዋለን።»

የሻረግ «እሺ» አለች። እስክሪብቶ ሰጠኋት።

ስትጽፍ አየኋት። ደብተሩ ውስጥ ያየሁት እጅ ይፈጥናል፣ ይሰርዛል፣ ይመለሳል። ይህ ግን ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ይቆማል፤ ቆሞም አይሰርዝም፤ ይመርጣል። ምን እየመረጠች እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሰዓቱ ሳይሞላ ጨረሰች። ሰብሳቢው ሰንጠረዡን ከጎን አድርገው ከአንድ እስከ ሰባት በእስክሪብቶ እየነኩ ወረዱ።

«አንዱም የለም!» አሉ። ፊታቸው በራ። «ይኸውላችሁ፤ ይህ የሰው ጽሑፍ ነው። የእኔ እህት፣ ድሮውንስ እንዲህ ብትጽፊ ምን ነበር?» ከዚያ «ሲ» የሚል ውጤት አስቀመጡበትና ለፊርማ ወደ እኔ አሳለፉት።

አነበብኩት። «አሳ» ይላል በመጀመሪያው መስመር፤ «ዓሳ» በአራተኛው፤ «አሣ» ገጹን ስገልጥ። «ሄድሁ» እና «ሄድኩ» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጥያቄ የለም። «አንድም» የለም። ስለ ታንኳው እርጅና የሚለው እንዲህ ነው፦ «ታንኳ ቶሎ ያረጃል። ምክንያቱም ውሀ ይጠጣል። ልጡም ይላላል።» ሦስተኛው ምክንያት፣ ባለቤቱ ሌላ መሥራት ስለሚያውቅ የማይሳሳለት፣ የለም። መደምደሚያም የለውም፤ መሀል ላይ ይቆማል። ከአንድ እስከ ሰባት፣ በተራ፣ ሰንጠረዤን መስመር በመስመር አፍርሳዋለች። ጀልባዋ ላይ ከፊት ተቀምጣ ስታነብ የነበረው ለዚህ ነው።

አፌን ከፈትኩ። የሻረግ አየችኝና እንዳልናገር ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች። አሁን ብናገር እንደገና ሌባ ናት። ዝም ብል ትመረቃለች፤ የተመረቀችበት ግን ከጻፈችው ሁሉ የከፋው ይሆናል። ፈረምኩ። ለሁለተኛ ጊዜ በተማሪዬ ላይ ፈረምኩ፤ ያሁኑን ግን እያወቅኩ።

እሷ ከወጣች በኋላ ሰንጠረዡ ከመመሪያው ይውጣ ብዬ ጠየቅኩ። ሰብሳቢው ከልባቸው ተገረሙ።

«ልጅቷን እኮ ነፃ ያወጣት እሱ ነው!»

ከቀኑ 8:00፣ ጀልባ መሳፈሪያ

እንዳመጣኋት ልመልሳት አደራ ስለተቀበልኩ እስከ ወደቡ ሸኘኋት። ጌታሰው ከሩቅ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ጮኸ። «አለፈች! ንጹሕ ናት!» አልኩት። እልል ሊል ምንም አልቀረው፤ ለተሳፋሪው ሁሉ «የመሪጌታ ልጅ ንጹሕ ናት ተባለ!» እያለ አወጀ። የሻረግ አልሳቀችም።

«መምህር፣ አባቴ ምን ጻፍሽ ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«'ዓሣን' በእሳቱ 'ሰ' ጻፍሁ ልበላቸው?»

«ቢያንስ ደብተሩን እኔ ዘንድ ተይው» አልኳት። «ለሌሎች ተማሪዎች ማስረጃ ይሆነኛል። አንድ ቀን ኮሚቴውን…»

«አይሆንም» አለች። «ይሄኛው የኔ ነው።» ደብተሩን በነጠላዋ ጠቀለለችና ተሳፈረች። ጀልባዋ ከደንገሉ ጀርባ እስክትሰወር ቆሜ አየሁ። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ከቀኑ 10:00፣ ዓባይ ማዶ

ቤቴ ገባሁ። ጃንጥላዬን ሰቀልኩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልዘረጋሁትም። የጉዞ ማስታወሻ ሲያልቅ የተማሩትን መጻፍ ደንብ ነውና ወረቀት አውጥቼ «አንደኛ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በታች የሚጻፈውን አጣሁት። በዚህ ጉዞ ስለ ማሽኑ የተማርኩት ነገር የለም። ወረቀትን ከወረቀት ጋር ሳነጻጽር ከርሜ፣ ሁለት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ «ስለምን ቢሉ» የሚለውን ከየት እንዳመጣችው አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠየቅኳት ነው ያወቅኩት። ይህን ማስታወሻ «ሄድሁ፣ ጻፍሁ» እያልኩ ልጽፈው ሞክሬም ነበር። የኔ አልሆን አለኝ፤ ከእሷ ላይ ገፍፌ የለበስኩት መሰለኝ፤ ተውኩት።

ጠረጴዛዬ ላይ የሚታረሙ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጽሑፎች ተቆልለዋል። የላይኛውን አነሣሁ። ስሟን አየሁት፤ ልጅቷን አላውቃትም። ንጹሕ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እኩል እኩል ነው፤ «ንጉሥ» ሁሉም ቦታ በንጉሡ «ሠ» ተጽፏል። እጄ ከልማዱ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄደና ከቃሉ ጎን «ምልክት» ብሎ ጀመረ። አስቆምኩት። ማሽን ይሁን የመሪጌታ ልጅ አላውቅም። ሰንጠረዡም አያውቅም።

ከገጹ ግርጌ «የማን ልጅ ነሽ?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ይህ በቀይ እስክሪብቶ የሚጠየቅ ጥያቄ እንዳልሆነ ገባኝና ሰረዝኩት። ስርዙ ግን ይታያል።